በቀዶ ሕክምና ክፍል ስማችሁን ሲጠይቋችሁ

ዛሬ ለቀዶ ሕክምና ወደ ናይሮቢ ስለሚላኩ ሕሙማን እንነጋገራለን።

በ2018 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የሁለት ሕሙማን መለያ ተለዋውጦ፣ ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገው ሰው ጭንቅላት ተከፈተ። ስህተቱ የታወቀው ሐኪሞቹ የረጋ ደም ፈልገው ሲያጡ ነበር።

እንዲህ ያለ አደጋ እንዳይደርስ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥብ ያለው የማረጋገጫ ቅጽ አወጣ። በቅጹ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሦስት ጊዜ ቆም ብለው ያጣራሉ፦

1. ማደንዘዣ ሳይሰጥ፦ የሕመምተኛውን ስም፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የማይስማማውን መድኃኒት፤
2. ቆዳው ሳይቀደድ፦ ስሙንና ቦታውን እንደገና፣ የቁስል ማመርቀዝን የሚከላከል መድኃኒት መሰጠቱን፤
3. ከክፍሉ ሳይወጣ፦ መርፌው፣ ፋሻውና መሣሪያው ተቆጥሮ መሙላቱን።

ቅጹ በስምንት አገሮች፣ በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ከ1000 ሕሙማን የሚሞቱት ከ15 ወደ 8 ዝቅ ብለዋል።

ስለዚህ ስማችሁን ደጋግመው ቢጠይቋችሁ አትሰልቹ። ቋንቋው ባይገባችሁ «አዎ» ብላችሁ አትለፉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት ተናገሩ። በእጃችሁ የታሰረው መለያ የእናንተ መሆኑንም አረጋግጡ።