በመንዝ አፋፍ ላይ አራት ሚሊ ሜትር

የመንዝን ደጋ አቋርጦ በምሥራቅ በኩል የሚወጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከሚልቀው አፋፍ ላይ ሆኖ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ቆላ ቁልቁል ይመለከታል። በዚህ ወገን የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ይቀራል፤ በሞላሌ በኩል ያለው ደግሞ በአዳባይና በወንጪት አድርጎ ወደ ዐባይ ይሄዳል። ይህን መሬት ዝርግ ወረቀት ላይ ማስፈር እንዴት ይቻላል?

የሀገራችን 1፡50,000 ካርታዎች የተነሡት በአብዛኛው ከአየር ፎቶግራፍ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ከግማሽ በላይ የተደረቡ ሁለት ፎቶግራፎች በስቴሪዮስኮፕ ሲታዩ ገደሉ ከፍና ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ባለሙያውም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች እያያያዘ የኮንቱር መስመር ያወጣል። በየ20 ሜትሩ አንድ መስመር ከተሰመረ፣ በ3 ኪሎ ሜትር አግድመት 1000 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት 50 መስመሮችን በ6 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያጭቃል። ቀጥ ባለው ገደል ላይማ መስመሮቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ ወረቀቱን ከምድር ጋር የሚያስረው ፎቶግራፍ ሳይሆን ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በተካሄደው የዐባይ ተፋሰስ የጂኦዴሲ ቅየሳ፣ የሦስት ማዕዘኖች ሰንሰለት በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለው የአዲንዳን ነጥብ ተነሥቶ ወደ ሀገራችን ተዘረጋ። የካርታዎቻችን ዳተም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የሚጠቀመው የምድር ቅርጽም «ክላርክ 1880» ይባላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጂፒኤስ የሚሠራው የምድርን የክብደት ማዕከል መነሻ ባደረገው «ደብሊው ጂ ኤስ 84» ነው፤ የአዲንዳን ማዕከል ግን ከዚያ ፈቀቅ ያለ ነው። ስለዚህ ጂፒኤስ የሰጠንን የዩቲኤም ቁጥር ሳናስተካክል በአዲንዳን ካርታ ላይ ብናሰፍር፣ በመንዝ ዙሪያ ነጥቡ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ያህል፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 100 ሜትር ያህል ይሸሻል። በወረቀት ላይ 4 እና 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሜዳ ቢሆን ማን ልብ ይለዋል? ገደሉ በምሥራቅ በሆነበት አፋፍ ላይ ግን በጽኑ ደጋ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ በካርታው ላይ ከገደሉ ወገብ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ስሕተቱን የበለጠ አሳሳች የሚያደርገው ቁጥሩ ራሱ ትክክል መሆኑ ነው።

ሳተላይት አይፈታውም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 «ኤንዴቨር» መንኮራኩር በ11 ቀን ተልዕኮ አብዛኛውን የምድር የብስ በራዳር ለክታለች። ራዳሩ ግን በሰያፍ ስለሚመለከት ከጠባብ ሸለቆ ግድግዳ ጀርባ ያለው በጥላ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ክፍተቱም ኋላ በስሌት ወይም ከሌላ ምንጭ በተገኘ መረጃ ይሞላል። በመሆኑም ወደ ወንጪት ቁልቁለት የምትወርዱ ተማሪዎች፣ ከመነሣታችሁ በፊት በካርታው ግርጌ የተጻፈውን የዳተም ስም አንብቡ፤ ከዚያም በመሣሪያችሁ ዝርዝር ውስጥ «አዲንዳን»ን ፈልጋችሁ ምረጡ።