ስለ ውኃ ፈረቃና ስለ አሮጌ ቧንቧ

ከባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የተጠማ ሰው ወሬው ለሰሚ እንግዳ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን የፎገራን ሜዳ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አለመሆኑን ያስተውላል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በደራ ወረዳ ሐሙሲት፥ ከዚያም አለፍ ብሎ በፎገራ ወረዳ ወረታ ይገኛሉ። በስተ ምዕራብ የጣና ባሕር ተዘርግቷል፤ ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞችም ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደዚሁ ባሕር ይገባሉ። በክረምት ሜዳው ራሱ ባሕር ይመስላል፤ ሩዝም የሚስማማው ስለዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉ የሚረሳ አይደለም።

ይህን ያህል ውኃ በዙሪያው ሳለ የከተማ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ነፋስ ብቻ ሲወጣ ማየቱ፥ በነዚህ በመሰሉ በብዙ የአገራችን ከተሞች የዘወትር ቅሬታ ሆኗል። ውኃው በፈረቃ ይታደላል፤ ፈረቃውም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። የቤቱ እመቤት ከእንቅልፏ ተነሥታ ጀሪካን ትደረድራለች። ለጓሮ ጌሾና ለአትክልት፥ ለግቢም ሣር ማጠጣት ነውር ሆኖ ይቈጠራል። ነዋሪው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ይቀበል ነበር፤ ነገር ግን እርሱ በጣሳ እየለካ ሲቈጥብ፥ በመንገድ ዳር የተሰበረው ቧንቧ ሌሊትና ቀን ሲፈስ ያያል። የቅሬታው ሥር ይህ ነው። ሰው የሚያዝነው ስለ ጥማቱ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ በእርሱ ላይ ብቻ ስለ ከበደ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ውኃን በፈረቃ ማደልና አንዳንድ አጠቃቀምን መከልከል በችግር ጊዜ ተገቢ ሥራ ቢሆንም፥ የከለከለው ክፍል አሮጌውን መሥመር ካልጠገነ ክልከላው ፍርድ ሊባል አይችልም።

ውኃን በሕግ መገደብ በእኛ አገር ብቻ የተጀመረ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የካሊፎርኒያ አገር ገዥ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተሞች ከሚጠቀሙበት ውኃ ከመቶ 25 እጅ እንዲቀንሱ አዝዘው ነበር።  በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ከተማ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቀደች፤ በከተማው ውኃ አትክልት ማጠጣትንም ከለከለች። ያች ከተማ ከጥፋት የዳነችው ግን በክልከላ ብቻ አይደለም። የግድቦቿን ውኃ መጠን በየጊዜው ለሕዝብ ትገልጥ ነበር፤ በመሥመሮቿም የሚፈሰውን ውኃ ለመቀነስ የግፊቱን ኃይል አስተካከለች። ሕዝቡ የገዥውን ሥራ ስላየ የራሱን ድርሻ ፈጸመ።

ለኬፕታውን ሰው የችግር ልክ የነበረው 50 ሊትር፥ ለእኛ ገና የተስፋ ልክ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስተውሉ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፥ ማለት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው፥ ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር እስከ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት፥ ሕዝባቸው ከ20,000 በታች ለሆነ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ 40 ሊትር እስከ 250 ሜትር ርቀት እንዲደርስ ተወስኖ ነበር። እንዲህ ባለ ጠባብ ልክ ለሚኖር ሕዝብ የአንዲት ጠብታ መባከን ቀላል አይደለም። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የምትጥል ቧንቧ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት 86,400 ጠብታ ትጥላለች፤ ይህም 20 ሊትር ገደማ፥ ማለት አንድ ሙሉ ጀሪካን ይሆናል። ከመሬት በታች የተሰነጠቀ ትልቅ መሥመርማ የስንቱን ቤት ድርሻ እንደሚወስድ ማሰብ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፦ ባሕሩ ቅርብ ሳለ ስለ ምን ከእርሱ አይቀዳም? ይላሉ። የጣና ውኃ ግን ወንዞቹ በሚያመጡት ደለል የደፈረሰ ስለ ሆነ፥ ለመጠጥ እንዲሆን መጣራትና በመድኃኒት መታከም ያስፈልገዋል፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። የጥልቅ ጕድጓድ ውኃ ንጹሕ ቢሆንም ወደ ላይ የሚወጣው በኤሌክትሪክ በሚሠራ ፓምፕ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃውም አብሮ ይጠፋል፤ ፓምፑ የተቃጠለ እንደ ሆነ መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ሰላም በታጣበት ጊዜማ መንገዱም ይዘጋል። በበጋም አትክልት አምራቹ ገበሬ ሽንኵርቱን ለማጠጣት ከጉማራና ከርብ በሞተር ይስባል፤ እርሱም የሚኖረው በዚያው ውኃ ነውና ልንነቅፈው አይገባም። ስለዚህ አዲስ ውኃ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት የተገኘው እንዳይፈስ መጠበቅ ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ነው።

ቧንቧም እንደ ሰው ያረጃል። የብረቱ ይዝጋል፤ የፕላስቲኩ መንገድ ሲቈፈርና ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ ፈረቃው ራሱ መሥመሩን ያስረጀዋል። ውኃው ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ በተሰነጠቀው በኩልም በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጡ ሊስብ ይችላል። ውኃው በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ከፊቱ ያለውን አየር በኃይል እየገፋ ይመጣል፤ የደከመውን መጋጠሚያ ይሰብራል፤ የቤቱንም ቈጣሪ በነፋስ ያዞራል። እንግዲህ ያለ ጥገና የሚደረግ ፈረቃ ውኃውን የሚያድን መስሎ መሥመሩን ያፈርሳል፤ የፈረሰውም መሥመር ሌላ ፈረቃ ይወልዳል።

በኦሪት ዘፍጥረት ይሥሐቅ ያደረገውን የተማረ ሁሉ ያውቃል። አባቱ አብርሃም ያስቈፈራቸውን ጕድጓዶች ጠላቶቹ በአፈር ደፍነዋቸው ባገኘ ጊዜ፥ አስቀድሞ የአባቱን ጕድጓዶች ጠረገ፤ በቀድሞ ስማቸውም ጠራቸው። አዲስ ጕድጓድ የቈፈረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ልማዳችን የዚህ ተቃራኒ ሆኗል። አዲስ ሥራ በተመረቀ ጊዜ ሪባን ለመቍረጥ እንሰበሰባለን፤ አሮጌውን ለመጥረግ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ምሳሌ ከወረታ ሳይርቅ በጎንደር ይታያል። የአጼ ፋሲል መዋኛ ከተሠራ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። በዓሉ በመጣ ቍጥር ውኃ መግቢያውና ገንዳው እንዲታሰብ ግድ ስለሚል ሥራው አልሞተም። በዚያችው ከተማ የአንገረብ ግድብ ግን ከተሠራ ገና ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሳይሆነው፥ ከተራቈተው ተራራ የሚወርደው ደለል ሆዱን እየሞላው የሕዝቡ ጥማት በረታ፤ ለችግሩ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በመገጭ ወንዝ ላይ የተጀመረው ግድብም ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ልዩነቱ በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ቀን ተቈርጦለት የሚጐበኝ ሥራ ይኖራል፥ ጐብኚ ያጣ ግን ይፈርሳል።

ስለዚህ የየከተማው የውኃ አገልግሎት ፈረቃ ባወጀ ጊዜ ሦስት ነገር አብሮ ሊያውጅ ይገባዋል። መጀመሪያ፥ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀንና ሰዓት ውኃ እንደሚያገኝ በግልጥ ይለጥፍ፤ ከሹም ቤትና ከሆቴል ጀምሮ እስከ ድኻው ጎጆ ድረስ ልኩ አንድ ይሁን። ሁለተኛ፥ ከሕዝቡ የሰበሰበው የውኃ ዋጋ ስንቱ ለጥገና እንደ ዋለ ያስታውቅ። ሦስተኛ፥ ቧንቧ ተሰበረ ብሎ የነገረውን ሰው አመስግኖ በስንት ቀን እንደሚጠግን ይወስን፤ ቃሉንም ይፈጽም።

ነዋሪውም ድርሻ አለበት። ከመሥመር ላይ በስርቆት የሚቀጥል፥ ውኃ ሲቋረጥ ቧንቧውን ከፍቶ ትቶ የሚሄድ፥ ዋጋውንም ሳይከፍል የሚያጕረመርም ሰው የጎረቤቱን ጀሪካን እንደ ወሰደ ይቈጠራል። ክፍያውን የፈጸመ ሰው ግን ቅሬታው መብቱ ስለ ሆነ አፉን ሊዘጉት አይገባም። ቅሬታ ለሚሰማ ሹም የመሥመሩን ስብራት የሚያመለክት ነጻ ተቈጣጣሪ ነው።

በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ የነበረችው ሳምራዊት ሴት እንደገና ለመቅዳት መመላለስ እንዳይኖርባት ለምና ነበር። 20 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ ዛሬም የምትለምነው ይህንኑ ነው። ከጌታችን የለመነችው ሴት ከዚያ የሚበልጥ የሕይወት ውኃ ተሰጣት፤ የልጅቱ ልመና ግን በሰው እጅ ሊፈጸም የሚችል፥ በመፍቻና በመጋጠሚያ፥ በታማኝ ሒሳብና ቀን በተቈረጠለት ሥራ የሚፈጸም ነው። እግዚአብሔር ለፎገራ ሜዳ ውኃውን በልግስና ሰጥቷል፤ ከባሕሩ እስከ እንስራው ያለችውን አጭር መንገድ መጠበቅ ግን ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።