ጾም ሌላ፥ ለክሳት መራብ ሌላ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ አንዲት እናት፥ ሴት ልጃቸው ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ከዚያም ጥቂት ሰላጣ ብቻ ስትቀምስ አይተው «ልጄ ለነፍሷ አሰበች» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ነገር ግን ትንሣኤ አልፎ፥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾሙበት በበዓለ ሃምሳ ልጅቱ ከመሶቡ በራቀች ጊዜ ልባቸው ተጠራጠረ። አንድ ቀንም የውሃ ጀሪካን ይዛ ወደ አራተኛው ፎቅ ስትወጣ ራሷን ስታ ወደቀች። ለካ የምትራበው ለግንቦት ሠርጓ ቀሚስ ኖሯል! እናትም «ለመክሳት ብሎ መራብ ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል?» ሲሉ ጠየቁን።

በ1937 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉት ሊቅ፥ የ36 ጤነኛ ወጣቶችን ምግብ በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በግማሽ ያህል ቀንሰው ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ዳሩ ግን ደከሙ፥ በረዳቸው፥ ተከዙ፤ ሐሳባቸውም ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። እንደ ልብ መብላት በተፈቀደላቸው ጊዜ የሰውነታቸው ስብ ከፊተኛው በልጦ ተመለሰ። አካል ራብ ሲጸናበት ኃይሉን ይቆጥባል፤ ጡንቻውን ይመገባል፤ የመብል ምኞትንም ያበረታል።

ይህን ስንል ግን ከልክ ያለፈ ውፍረት አይጎዳም ማለታችን አይደለም፤ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት መንገድ ይጠርጋልና። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፥ ለስኳር በሽታ ከተቃረቡ ሰዎች መካከል ምግባቸውን መጥነው፥ በሳምንት 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን እያንቀሳቀሱ፥ ከክብደታቸው ከመቶ 7 እጅ ለመቀነስ የተጉት፥ በበሽታው የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ በ58 ከመቶ አንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ጉዳቱ ያለው በችኮላውና በራቡ ነው እንጂ በልከኝነት አይደለም።

ጾምንም ለዚህ ችኮላ መሸፈኛ ማድረግ አይገባም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ እንደሚያስተምረን፥ ጾም የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ ማስገዣ ነው እንጂ የመልክ ማሳመሪያ አይደለም። ጾሙ በሚፈታበት ሰዓትም ሽሮው፥ ምስሩና ጎመኑ ለአካል የሚበቃ ሲሳይ ነው።

ወላጆች ሆይ! ጾም በሌለበት ወራት ልጃችሁ ከገበታ ስትሸሽ ብታዩ፥ ሳትቆጡና በመልኳ ሳትቀልዱ ቀርባችሁ ጠይቋት። ራሷን የምትስት ወይም የወር አበባዋ የቀረባት እንደ ሆነ ግን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ቀሚስን ለገላ ማስፋት ይቻላል፤ የተጎዳን ጤና መመለስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።