የደህንነት ካሜራ ምስልን ከርቀት ለመከታተል መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

በመኖሪያ ቤት፣ በሱቅ ወይም በመጋዘን የተተከሉ የደህንነት ካሜራዎች የሚያነሱት ምስል ዲቪአር ወይም ኤንቪአር በሚባል መቅጃ መሣሪያ ላይ ይከማቻል። መቅጃው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ባለቤቱ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር ሆኖ በእጅ ስልኩ ንብረቱን መከታተል ይችላል። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ በጥንቃቄ ካልተዘረጋ የቤቱን ውስጥ ለማይታወቅ ሰው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 “ሚራይ” የተሰኘው ጎጂ ሶፍትዌር ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና መቅጃዎች በብዛት ተቆጣጥሮ በኢንተርኔት አገልግሎቶች ላይ ጥቃት ማድረሻ እንዳደረጋቸው ይታወሳል።

የግንኙነት አማራጮች

1. በአምራቹ ሰርቨር በኩል፦ መቅጃው ራሱ ወደ ሰርቨሩ ስለሚገናኝ በራውተሩ ላይ የሚከፈት ፖርት አይኖርም። ባለቤቱ የአምራቹን መተግበሪያ በስልኩ ላይ ጭኖ የመሣሪያውን ኪው አር ኮድ በማንበብ ይመዘግበዋል። ለመኖሪያ ቤትና ለአነስተኛ ሱቅ ይህ አማራጭ በአብዛኛው በቂ ነው።

2. በቪፒኤን፦ ተጠቃሚው በተመሰጠረ መስመር ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ ከገባ በኋላ መቅጃውን ይከፍታል። የኮምፒውተር ባለሙያ ላላቸው ድርጅቶች ተመራጭ ነው።

3. በራውተር ላይ ፖርት በመክፈት፦ መቅጃው ለማንኛውም የኢንተርኔት ተጠቃሚ እንዲታይ ስለሚያደርግ አይመከርም።

ከመገናኘቱ በፊት

የፋብሪካው የይለፍ ቃል በረጅምና በሌላ ቦታ ባልተሠራበት ቃል ሊተካ ይገባል። የመቅጃው ሶፍትዌር ወደ አዲሱ ስሪት መሻሻሉን፣ ቀኑና ሰዓቱም ትክክል መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱ የተዛባ ቅጂ ለማስረጃነት አጠራጣሪ ይሆናል። ግንኙነቱ ሲጠናቀቅ የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ መሞከር ተገቢ ነው። ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ በመተግበሪያው ላይ ዝቅተኛውን የምስል ጥራት መምረጥ ይረዳል።

የአካውንቱ ባለቤትነት

ካሜራ የሚተክለው ባለሙያ መሣሪያውን በራሱ ስልክና አካውንት መዝግቦ ለባለቤቱ የማየት ፈቃድ ብቻ የሚያጋራበት አጋጣሚ አለ። በዚህ ሁኔታ ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላም ምስሉን ማየት ይችላል። ስለሆነም ምዝገባው ከመጀመሪያው በባለቤቱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል መከናወን ይኖርበታል። መሣሪያው አስቀድሞ በባለሙያው አካውንት ተመዝግቦ ከሆነ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከዚያ አካውንት እንዲሰረዝ ማድረግና የይለፍ ቃሉን መቀየር ይገባል። ለቤተሰብ አባላትና ለጥበቃ ሠራተኞች ምስል ከማየት ያለፈ ፈቃድ አለመስጠት ይመከራል።

ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ባለቤቱ የማያውቀው ሰው ወደ መቅጃው መግባቱን ከተጠራጠረ መሣሪያውን ከኢንተርኔት አላቅቆ፣ የተቀዳውን ሳያጠፋ ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።