ተጨማሪ መረጃ፦ የግፊት ኦክስጅን ክፍሎች ሁሉ አንድ አይደሉም

ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት የወጣ ጠላቂ ደሙ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ሲፈጠርበት፣ የሚታከመው ከፍተኛ ግፊት ባለው ክፍል ኦክስጅን እየሳበ ነው። የአንድ ሰው ክፍል የተጋደመ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በንጹሕ ኦክስጅን ይሞላል። ስለዚህ ታካሚው የጥጥ ልብስ ለብሶ፣ ስልኩንና ክብሪቱን፣ የፀጉር ቅባቱን ሳይቀር ትቶ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ትልቅ እሳት ታስነሳለች። የብዙ ሰው ክፍል ግን የሚሞላው በተራ አየር ነው፤ ኦክስጅኑ በጭምብል ይሰጣል፣ ነርስም አብራ ትገባለች። የቅርብ ክትትል ለሚሻ ጽኑ ሕመምተኛ ይኸኛው ይሻላል። በአየር የሚነፋው የጨርቅ ክፍልስ? ግፊቱ 1.3 አትሞስፌር ገደማ ነው። የጠላቂዎች ሕክምና እስከ 2.8 አትሞስፌር ስለሚጠይቅ፣ የጨርቁ ክፍል የሆስፒታሉን አይተካም።