ሙስሊም ፕሬዚዳንት ቢመረጥስ?

ጃንዋሪ 28 ቀን 2017 ጠዋት ሁለት የመናዊ ወንድማማቾች ከአዲስ አበባ በተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ዋሽንግተን አቅራቢያ ካለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቪዛ ይዘዋል፤ የአሜሪካ ዜግነት ያለው አባታቸው ሚሺጋን ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እነሱ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ግን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከኢራን፣ ከኢራቅ፣ ከሊቢያ፣ ከሶማሊያ፣ ከሱዳን፣ ከሶሪያና ከየመን የሚመጡ ሰዎችን የሚያግድ ትእዛዝ ፈርመው ነበር። ጠበቆቻቸው ለፍርድ ቤት እንዳስረዱት፣ ወንድማማቾቹን ቪዛቸውን የሚያሰርዝ ወረቀት አስፈርመው በመጡበት አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ መለሷቸው። ከሙግት በኋላ በዘጠነኛው ቀን እንደገና ደለስ ገብተው ካባታቸው ጋር ተገናኙ።

ደለስ ለብዙ ሐበሾች የሥራ ቦታ ነው፤ ዘመድ የሚሸኙበትና የሚቀበሉበትም ነው። በዚያ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጠበቆች ያለ ክፍያ አቤቱታ ይጽፉ ነበር፤ ብዙ ሙስሊም ያልሆኑ አሜሪካውያንም ለማያውቋቸው መንገደኞች መፈክር ያሰሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ “እውነተኛዋ አሜሪካ የትኛዋ ናት?” እያሉ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የሚያሳስት ይመስለኛል። የሚያግደውም የሚቀበለውም አብረው የተወለዱ ናቸው፤ ክርክራቸውም ሕገ መንግሥቱን ያህል ዕድሜ አለው።

በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት፣ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ፣ ማንም ሰው ሹመት ለመያዝ በሃይማኖቱ አይፈተንም ይላል። በሚቀጥለው ዓመት የኖርዝ ካሮላይና ተወካዮች ሰነዱን እናጽድቅ አናጽድቅ ብለው ሂልስቦሮ ሲሰበሰቡ፣ ሄንሪ አቦት የተባሉ ተወካይ የብዙ ሰዎችን ሥጋት አነሱ፦ እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ አረማዊም ሙስሊምም ሥልጣን ላይ አይወጣም ወይ? የመለሱላቸው በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ጄምስ አይርደል ናቸው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦ አንዱን ሃይማኖት ለይታችሁ ካገዳችሁ የምንሟገትለትን የእምነት ነጻነት ከሥሩ ትነቅሉታላችሁ፤ ሕዝቡ ደግሞ የማያምነውን ሰው አይመርጥም። የዚያችው ግዛት የራሷ ሕገ መንግሥት ግን የፕሮቴስታንትን እምነት እውነትነት የሚክድ ሰው እንዳይሾም ይከለክል ነበር። “ፕሮቴስታንት” የሚለው ቃል “ክርስቲያን” ተብሎ የሰፋው በ1835 ነው።

በሂልስቦሮ ጉባኤ ሙስሊም ማለት የምሳሌ ሰው ነበር፤ የነጻነቱ ድንበር እስከ የት ነው ለማለት የሚጠራ፣ ማንም አየሁት የማይለው። ሥጋና ደም የለበሰው ሙስሊም ግን በዚያው ምድር እርሻ ላይ በባርነት ይሠራ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ታፍነው ከተወሰዱት መካከል ሙስሊሞች ጥቂት አልነበሩም። ከእነዚህ አንዱ ዑመር ኢብን ሰዒድ ናቸው። ዛሬ ሴኔጋል በሚባለው አገር ተወልደው ረጅም ዘመን ሃይማኖት ሲማሩ ቆይተው በ1807 ተይዘው ቻርልስተን ወደብ ላይ ተሸጡ። ከጨካኝ ጌታ አምልጠው ኖርዝ ካሮላይና ፌየትቪል ውስጥ ሲታሰሩ የእስር ቤቱን ግድግዳ በዐረብኛ ጽሑፍ ሞሉት። በ1831 የሕይወት ታሪካቸውን በዐረብኛ ጻፉ፤ የጀመሩትም ሥልጣን ሁሉ የአላህ ነው ከሚለው ከሱረቱል ሙልክ ነው። የሰው ንብረት ተብሎ የተመዘገበ ሰው ጽሑፉን በዚህ ሱራ መጀመሩ ለእኔ ተራ አጋጣሚ አይደለም። ዑመር ነጻ ሳይወጡ ሞቱ። የእጅ ጽሑፋቸው ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቶማስ ጀፈርሰን በ1765 የገዙት የእንግሊዝኛ ቁርዓን ካለበት ቤት።

መጠርጠር የደረሰው በሙስሊም ብቻ አይደለም። በ1834 ማሳቹሴትስ ውስጥ የካቶሊክ መነኮሳይያት ገዳም ተቃጠለ፤ በ1838 የሚዙሪ ገዥ ሞርሞኖች ከግዛቱ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ አዘዘ፤ በ1960 ጆን ኬኔዲ ከሮም እንደማይታዘዙ ለፕሮቴስታንት ቄሶች ሂውስተን ድረስ ሄደው ማስረዳት ነበረባቸው። የሙስሊሙን ጉዳይ የሚለየው ሃይማኖትና ዘር አንድ ላይ መታሰራቸው ነው። ከ1790 ጀምሮ ለረጅም ዘመን ዜግነት ለማግኘት “ነጭ” መሆን ያስፈልግ ነበር። በ1942 ሚሺጋን ውስጥ አንድ ዳኛ ለአንድ የመናዊ ዜግነት ሲከለክል የሰውየውን የቆዳ ቀለም ብቻ ሳይሆን፣ ዐረቦች ሙስሊም ስለሆኑ ከክርስቲያኑ ሕዝብ ጋር አይዋሃዱም ብሎም ጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሌላ ዳኛ ለአንድ ዐረብ ፈቀደ። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ከከፈተ ወዲህ የመጡት ናቸው ጎረቤት የሆኑት፤ ከእነዚህም ኢትዮጵያውያን አሉ። ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ያቋቋሙት መስጊድ ስሙ ፈርስት ሂጅራ ነው፤ የነቢዩ ባልደረቦች ወደ ነጃሺ የተሰደዱበትን የመጀመሪያውን ስደት ያስታውሳል።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስንመረምር ሁለት ነገር አብረን ማየት አለብን። ኤፍቢአይ የመዘገበው በሙስሊሞች ላይ የተፈጸመ የጥላቻ ወንጀል በ2000 ከነበረበት 28 በ2001 ወደ 481 ዘለለ። ጥምጥሙ ሙስሊም አስመስሎት የተገደለ ሲክም ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የፒው የጥናት ማዕከል አሜሪካዊ ሙስሊሞችን በበጎ የሚያይ ሰው በማርች 45 በመቶ የነበረው በኖቬምበር 59 በመቶ መድረሱን አገኘ። ከጥቃቱ በኋላ ከፍ አለ ማለት ነው! ይበልጥ የጨመረውም በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፓርቲ ወግ አጥባቂዎች ዘንድ ነበር። ቡሽ ከጥቃቱ በኋላ በስድስተኛው ቀን ዋሽንግተን በሚገኘው የእስልምና ማዕከል ጫማቸውን አውልቀው ገብተው፣ እስልምና ሰላም ነው ብለው ነበር።

ይህ መልካም ስሜት አልቆየም። እስልምና ከሌሎች ሃይማኖቶች ይልቅ ዓመፅን ያበረታታል የሚለው ሰው በማርች 2002 25 በመቶ ነበር፤ በጁላይ 2003 44 በመቶ ሆነ። በመካከሉ በአሜሪካ ምድር ያን የሚያህል አዲስ ጥቃት አልደረሰም። የደረሰው የኢራቅ ጦርነትና የቃላት ለውጥ ነው፤ ታዋቂ ሰባኪዎችና የሬዲዮ ተናጋሪዎች ሃይማኖቱን ራሱን ማውገዝ ጀምረው ነበር። ከዚህ ተነስቼ የማምነው፣ ሕዝቡ ስለ ሙስሊም ያለው አስተያየት ከሚፈሰው ደም ይልቅ የሚያምናቸው መሪዎች የሚናገሩትን እንደሚከተል ነው። የመንግሥት አሠራርም የራሱን ይናገራል። ከ2002 ጀምሮ ከ25 አገሮች የመጡ፣ ዜግነትም ሆነ ቋሚ መኖሪያ ያልነበራቸው ወንዶች ቀርበው አሻራ እንዲሰጡ ተደረገ። ከሰሜን ኮሪያ በቀር አገሮቹ ሙስሊም የሚበዛባቸው ተብለው የተቆጠሩ ሲሆኑ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ነበሩበት። ከ80,000 በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በሽብር ወንጀል የተፈረደበት አንድም አልተገኘም።

ክርክሩን በትንሽ ስፍራ አጉልቶ የሚያሳየው የመርፍሪስቦሮ ጉዳይ ነው። በዚህች የቴነሲ ከተማ ሙስሊሞች ለዓመታት ሲኖሩ ቆይተው የሚሰግዱበት ቦታ ስለጠበባቸው በ2010 ሰፊ መስጊድ ለመሥራት ከአውራጃው ፈቃድ አገኙ። ወቅቱ ኒውዮርክ ውስጥ በሴፕቴምበር 11 ጥቃት ከፈረሱት ሕንጻዎች ሁለት መንገድ አልፎ ሊሠራ ስለታሰበ የእስልምና ማዕከል አገሩ ሁሉ የሚከራከርበት ነበር። ቴነሲ ግን ከኒውዮርክ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይሎች ትርቃለች፤ “ቦታው ቅዱስ ነው” የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም። ተቃዋሚዎች ሰልፍ ወጡ፤ በኦገስት የግንባታ መሣሪያ ተቃጠለ። ከዚያ ፍርድ ቤት ቀርበው እስልምና ሃይማኖት መሆኑን ተጠራጠሩ፤ ሃይማኖት ካልሆነ የሃይማኖት ነጻነት አይገባውም ነው ነገሩ። የፌደራል ፍትሕ መሥሪያ ቤት እስልምና ሃይማኖት ነው ብሎ በጽሑፍ ለማስረዳት ተገደደ። አንድ የግዛት ዳኛ ፈቃዱ የተሰጠበት ስብሰባ ለሕዝብ በበቂ ሁኔታ አልተነገረም ብሎ ፈቃዱን ሰረዘ፤ የፌደራል ዳኛ ደግሞ ሌላው ቤተ እምነት የሚስተናገድበትን መንገድ ለእነሱም አትንፈጉ አለ። ምእመናኑ በኦገስት 2012፣ በረመዳን፣ ገብተው ሰገዱ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ አልልም። የሚፈሩት ሰው ግን መድኃኒት ቤት ወረፋ አብሯቸው የሚቆመው ጎረቤታቸው አልነበረም፤ የሂልስቦሮው የምሳሌ ሰው ነበር።

ይህን ልዩነት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አየዋለሁ። በ2015 አርካንሳስ ውስጥ የታሰረ ሙስሊም ግማሽ ኢንች ጺም ማሳደግ ይፈቀድለት ተብሎ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። በዚያው ዓመት፣ ሂጃብ ለብሳ ሥራ ስትጠይቅ አበርክሮምቢ የተባለው የልብስ ኩባንያ ያልቀጠራት ወጣት 8 ለ1 ረታች። አንድ ሰው፣ አንድ ጺም፣ አንድ ሻሽ ፊታቸው ሲቀርብ ዳኞቹ አያመነቱም። በ2018 ግን ትራምፕ በዲሴምበር 2015 ለሙስሊሞች በሩ ይዘጋ ማለታቸው እየታወቀ፣ ሦስተኛውን የጉዞ እገዳ 5 ለ4 አጸደቁት፤ ትእዛዙ ሃይማኖት አይጠቅስም፣ የአገር ጸጥታ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ነው በማለት። የእገዳው ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን እንዳልነበሩ መታወቅ አለበት፤ ትራምፕ ያን የተናገሩት ሳን በርናርዲኖ ውስጥ 14 ሰዎች በተገደሉ በአምስተኛው ቀን ነው። አንድ ሰው ፊት መቆሙም ሁልጊዜ አያድንም፤ በ2019 አላባማ ሞት ለፈረደችበት ሙስሊም፣ ለክርስቲያን እስረኛ ቄስ ሲፈቀድ፣ ኢማሙ አጠገቡ እንዳይቆም ከልክላ ዳኞቹ 5 ለ4 አልፈዋታል።

መቀራረብ ግን ይሠራል። ሙስሊም በግል የሚያውቅ አሜሪካዊ ከማያውቀው የተሻለ አስተያየት እንዳለው ፒው ደጋግሞ አግኝቷል፤ በ100 ነጥብ በሚለካው የስሜት መለኪያ ሙስሊሞች በ2014 ያገኙት 40 ነጥብ በ2017 ወደ 48 ወጥቷል። የመጀመሪያው እገዳ በተፈረመበት ዕለት ሌሊት ቪክቶሪያ በምትባል የቴክሳስ ከተማ መስጊድ ሲቃጠል፣ የከተማይቱ አይሁድ የምኵራባቸውን ቁልፍ ለሙስሊሞቹ ሰጥተዋል።

በኦክቶበር 2023 የጋዛ ጦርነት ሲጀመር ቁጣው እንደገና ወደ ደጅ ገባ፤ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ የስድስት ዓመት ፍልስጤማዊ አሜሪካዊ ሕፃን በቤታቸው አከራይ በስለት ተወግቶ ሞተ። የሕፃኑ ሞት የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የተናገሩትን ያስታውሰኛል። ፓወል በ2008፣ ባራክ ኦባማ ሙስሊም ናቸው የሚለው ወሬ ሲናፈስ፣ አይደሉም ብለው ብቻ አላበቁም፤ ቢሆኑስ ምን አለበት፣ ሙስሊም የሆነ የሰባት ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ፕሬዚዳንት እሆናለሁ ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ ምንድን ነው ብለው ጠይቀው ነበር። እንደ አይርደል የመለሰ ሌላ ፖለቲከኛ በዘመናችን ብዙ አላየሁም።

በጁን 2025 አዲስ እገዳ ወጣ፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ከታገዱት 12 አገሮች መካከል ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ነበሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኒውዮርክ ዞህራን ማምዳኒን የመጀመሪያው ሙስሊም ከንቲባ አድርጋ መረጠች። ማምዳኒ ፕሬዚዳንት መሆን አይችሉም። የሚከለክላቸው ግን እምነታቸው አይደለም፤ ካምፓላ ተወልደው ዜግነቱን ያገኙት በኋላ መሆኑ ነው። ስለ እምነት የሚናገረው ስድስተኛው አንቀጽ በ1787 እንደተጻፈ አለ።