የግሪኩ ንጉሥ በኩታ

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ታዳጊ ሆኖ፣ አምቦ ሲማር የጻፈው ተውኔት ስለ ሲራኩሱ ንጉሥ ስለ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበትም ለመድረክ በቅቷል። ይህን ታሪክ የአምቦ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚያጓጓኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ ያንኑ ታሪክ ላሳይ ቢል፣ የግሪኩን ንጉሥ ምን ያለብሰዋል?

መልሱ እናቶቻችን ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። የጥንት ግሪኮች ልብስ በአብዛኛው ብዙ ስፌት የማያውቅ፣ ከሽመና እንደወረደ ትከሻ ላይ የሚጣልና የሚጣፋ ጨርቅ ነበር። ኩታና ነጠላችንም እንዲሁ ናቸው። ሰፊ ጥለት ያለውን ለንጉሡ፣ ጥለት የሌለውን ለወንድማማቾቹ ብንሰጥ ተመልካቹ አንድ ቃል ሳይነገረው ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ ይረዳል። የመድረክ አልባሳት ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ እንጂ ከመርፌና ክር አይደለም።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ስለ ልብስ የሚታሰበው የወላጆች ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ልጆቹ “ከቤት አምጡ” ይባላሉ። ካባ ያለበት ቤት ልጅ ንጉሥ ይሆናል፤ የሌለው ዘበኛ። ድምፁም ችሎታውም ያለው ልጅ በልብስ ምክንያት ዳር ሲቆም ማየት ያሳዝናል። ለዚህ ነው አልባሳትን ማስተማር ቅንጦት አይደለም የምለው። ክበቡ ልብሱን በጋራ አስቦ በጋራ ሲያዘጋጅ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከመድረኩ ይወጣል።

ልጆቹ መጀመሪያ ተውኔቱን አንብበው ስለ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ይጽፋሉ፤ ዕድሜው ስንት ነው? ኑሮው እንዴት ነው? ወደ መድረክ ከመግባቱ በፊት የት ነበር? ከእርሻ የመጣ ሰው ጫማው ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ አንዱ ልብሱን ለብሶ ይቆማል፣ ሌሎቹ ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ሆነው ያዩታል። ከዚያ ርቀት ደቃቅ ጥልፍ አይታይም፤ ቀለምና ቅርፅ ብቻ ይታያል። እኔ በሙያዬ የገበያ ሰው ነኝና ይህን የማየው እንደ ዕቃ ማሸጊያ ነው፤ ደንበኛው ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት ቀለሙን አይቶ ወስኗል።

ሌላው የጸጋዬ ሥራ “ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት” ጥሩ መልመጃ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ጣሊያን የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ከ19 ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 11 ነው። የጳጳሱ ልብስ ጥቁር ስለሆነ ከኋላ ጥቁር መጋረጃ ከተሰቀለ ሰውዬው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ነጣ ያለ መጋረጃ ያስፈልጋል። ለወታደሮቹ ሙሉ የደንብ ልብስ ማሰፋት አያሻም፤ ከሰልባጅ ተራ የተገኘ ካኪ፣ ቀበቶና ገንባሌ ይበቃል።

የአካባቢው ባህል ሲመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቡልኮ የለበሰ ሽማግሌ መድረክ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ቦኩ የሥልጣን ምልክት ነው፣ በማንም እጅ አይያዝም። ሲንቄም ሴት ልጅ ስትዳር የምትቀበለው በትር ነው፤ ላላገባች ገጸ ባሕርይ ለውበት ብለው ቢያስይዟት ከታዳሚው መካከል የተቀመጡ እናቶች ወዲያው ያውቃሉ። ተማሪዎቹ ሄደው አያቶቻቸውን ቢጠይቁ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያገኛሉ። ከሆለታ እስከ ጌዶ በየከተማው በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎችም አሉ። አንዱን ለአንድ ከሰዓት ክበቡ ጋብዞ ልክ መውሰድንና እጅጌ መግጠምን ማስተማር ይቻላል።

ወጪውን ለሚፈሩ ወላጆች፦ አቡጀዴ ብዙ ያገለግላል። መጀመሪያ ማጠንከሪያው እስኪለቅ ይታጠብ። ከዚያ የቡና አተላ በብዙ ውኃ ተፍልቶ፣ ተጠልሎ፣ ጨርቁ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፍበት፤ ያረጀ የገጠር ልብስ ይመስላል። ቀለሙ ስለሚለቅ ለብቻው ይታጠብ። የአያትን ጋቢ ወይም የእናትን ቀሚስ ካዋሳችሁ ደግሞ ስማችሁን በቁራጭ ጨርቅ ጽፋችሁ ከውስጥ በኩል ስፉበት፤ እንዳይቆረጥም አደራ በሉ፤ ለማሳጠር ከውስጥ አጥፎ በሰፋፊ ስፌት መያዝ ይበቃል፣ በማግስቱ ይተረተራል።